ስለ ብሩክስ ተራሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን አላስካ ስላለው ሰንሰለታማ ተራራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰልፌዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ስል የአላስካን ብርዳማ ወቅት፣ በጋ ስል ሞቃቱን ወቅት ማለቴ ነው።

ብሩክስ ተራሮች የት ነው የሚገኙት?

አላስካ ውስጥ፣ ያውም በሰሜኑ ጫፍ በኩል። የአላስካን ካርታ ብትዘረጉ ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መቀነት የታሰረ ነገር ታያላችሁ። እሱ ነው። በምዕራብ ከቹክቺ ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ይነሳል። ወደ ምሥራቅ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና የካናዳዋ ዩኮን ግዛት ውስጥ ገብቶ ያበቃል።

ከሞላ ጎደል ሙሉው ከአርክቲክ ክበብ በላይ ነው። የአርክቲክ ክበብ የሚባለው 66.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለው ምናባዊ መስመር ነው። ከሱ ወዲያ በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን ፀሐይ አትጠልቅም፤ ቢያንስ አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አትወጣም። ከተራሮቹ በስተደቡብ ጫካ አለ። በስተሰሜን ዛፍ የሌለው ሰፊ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ቀጥሎ የአርክቲክ ውቅያኖስ ነው።

ስሙ ከየት መጣ? "ብሩክ" ከሚለው ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም፤ ግን ጥያቄው እኔንም ፈገግ አሰኝቶኛል። ስሙ የአልፍሬድ ኸልስ ብሩክስ ነው። ሰውየው ጂኦሎጂስት ነበር። ከ1903 እስከ 1924 የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ውስጥ የአላስካን ሥራ በኃላፊነት መርቷል። በ1924 ሞተ፤ በ1925 ተራሮቹ በስሙ ተጠሩ።

ከዚያ በፊት ግን ተራሮቹ ስም አልባ አልነበሩም። በሰሜንና በምዕራብ ኢኑፒያት፣ በደቡብ ኮዩኮንና ግዊቺን የሚባሉ ሕዝቦች እያንዳንዱን ሸለቆና ጫፍ በራሳቸው ቋንቋ ይጠሩት ነበር። ብዙዎቹ ስሞች ዛሬም ካርታ ላይ አሉ። ለምሳሌ አሪገች የሚባሉ ቀጥ ብለው የቆሙ የግራናይት ጫፎች አሉ። ትርጉሙ "የተዘረጋ እጅ ጣቶች" ማለት ነው። ፎቷቸውን ያየ ሰው ስሙን ለማብራራት አይቸገርም።

ምን ያህል ከፍ ይላል? ከራስ ዳሽን ይበልጣል?

ኧረ አይደርስበትም። የብሩክስ ከፍተኛው ጫፍ 2,736 ሜትር ገደማ ነው። ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ነው። እንጦጦ እንኳን ይበልጠዋል። አዲስ አበባ መሀል የቆመ ሰው ከዚያ ጫፍ የሚያንሰው በአራት መቶ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን ተራራ በቁመት የሚለካው ሰው ነጥቡን ይስታል። አላስካ ውስጥ ራሱ ከሱ የሚበልጡ ብዙ ተራሮች አሉ፤ ዴናሊ 6,190 ሜትር ነው። የብሩክስ ነገር ሌላ ነው። ግድግዳ ነው። ውሃን ይከፍላል፣ ጫካን ያቆማል፣ አየርን ይለያል፣ ሕዝቦችንም ለየብቻ አኑሯል። ከታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች ዞረው ዞረው እዚሁ ነጥብ ላይ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታው ትንሽ ስለሆነ ጫፎቹ አጭር መስለው ይታያሉ ማለት አይደለም። የሸለቆዎቹ ወለል ዝቅ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ከባሕር ጠለል ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ከታች ሆኖ ቀና ያለ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ድንጋይ ይጠብቀዋል።

ከፍተኛው ጫፍ የትኛው ነው? ለምን አንዱ ጽሑፍ ቻምበርሊን፣ ሌላው ኢስቶ ይላል?

ትክክለኛው ኢስቶ ነው። የቀድሞዎቹ ካርታዎች የተሠሩት በ1950ዎቹ ነው። እርስ በርሳቸውም አይስማሙም ነበር። አንዱ ካርታ ቻምበርሊንን 2,749 ሜትር ብሎ አንደኛ ያደርገዋል፤ ሌላው ኢስቶን ያስቀድማል። ቦታው ሩቅ ስለሆነ ሄዶ የሚያጣራ ሰው ጠፋና ክርክሩ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይፈታ ቆየ።

በ2014 የበረዶ ግግር ተመራማሪው ማት ኖላን ከአነስተኛ አውሮፕላን ላይ በተነሡ ፎቶዎች ጫፎቹን ለካ። ኪት ዴሎሪየር የምትባል የበረዶ ሸርታቴ ተራራ ወጪ ደግሞ የጂፒኤስ መሣሪያ ተሸክማ ጫፍ ድረስ ወጣች። ሁለቱ ልኬቶች ተመሳከሩ። ውጤቱ በ2016 ታተመ፦ ኢስቶ 2,735.6 ሜትር፣ ሃብሊ 2,717.6 ሜትር፣ ቻምበርሊን 2,712.3 ሜትር። ቻምበርሊን ከአንደኝነት ወደ ሦስተኝነት ወረደ ማለት ነው። ብዙ ድረ ገጾች ግን አሁንም የድሮውን ይገለብጣሉ።

አንድ ተራራ ነው ወይስ የብዙ ተራሮች ስብስብ?

ስብስብ ነው። ከምዕራብ ብንጀምር ዴ ሎንግ፣ ቤርድ፣ ሽዋትካ፣ ኤንዲኮት፣ ፊሊፕ ስሚዝ፣ ከዚያ በምሥራቅ ፍራንክሊን፣ ሮማንዞፍ፣ ዴቪድሰን፣ ድንበሩ ላይ ደግሞ ብሪቲሽ ተራሮች ይባላሉ። ስሞቹን መሸምደድ አያስፈልግም። ማወቅ የሚጠቅመው ጠቅላላ አቀማመጡን ነው፦ በምዕራብ ዝቅና ለስለስ ያለ፣ በምሥራቅ ከፍ ያለና በረዷማ። ኢስቶም፣ ሃብሊም፣ ቻምበርሊንም ምሥራቅ ናቸው።

መሀሉ ላይ፣ ሽዋትካ ውስጥ፣ ኢግክፓክ የሚባል 2,523 ሜትር ጫፍ አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ከኢስቶ ይልቅ የምመርጠው እሱን ነው። የኖአታክ ወንዝ የሚነሳው ከሥሩ ነውና።

ውሃው ወዴት ነው የሚፈስሰው?

ወደ ሦስት አቅጣጫ። ይህ ምናልባት ከገጹ ሁሉ ዋናው ጥያቄ ነው።

አናክቱቩክ ማለፊያ በሚባለው የተራራ በር ላይ ቆማችኋል እንበል። ዝናብ ጣለ። በስተሰሜን ያረፈችው ጠብታ አናክቱቩክ ወንዝ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ኮልቪል ወንዝ፣ ከዚያ የአርክቲክ ውቅያኖስ። ጥቂት እርምጃ በስተደቡብ የወደቀችው እህቷ ጆን ወንዝ ትገባለች፣ ከዚያ ኮዩኩክ፣ ከዚያ ትልቁ ዩኮን፣ መጨረሻዋ ቤሪንግ ባሕር፣ ማለትም ፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። ከአንድ ደመና ወርደው ዳግም ላይገናኙ ይችላሉ። የሰሜን አሜሪካ አህጉር ዋናው የውሃ ከፋይ ሸንተረር ሰሜናዊ ጫፍ ይኸው ነው።

ሦስተኛው አቅጣጫ ምዕራብ ነው። ኖአታክና ኮቡክ ተራሮቹን ተከትለው ወደ ኮትዝቡ ሰርጥ፣ ከዚያ ወደ ቹክቺ ባሕር ይወርዳሉ። ኖአታክ 680 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከምንጩ ጀምሮ ግድብ የለበትም፣ ድልድይ የለበትም፣ በዳርቻው ያለችው መንደርም አንድ ብቻ ናት። ይህን ያህል ርዝመት ኖሮት ይህን ያህል ያልተነካ ወንዝ አሜሪካ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ለምን በደቡቡ በኩል ብቻ ዛፍ ኖረ?

ተራራው ስላቆመው ነው። በደቡቡ ተዳፋት ስፕሩስ የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ በሸለቆዎቹ እየታከከ ይወጣል። ከዚያ ይቀጥናል፣ ያጥራል፣ ይበተናል። ወደ ሰሜን ስታልፉ አንድም የለም። ቱንድራ ብቻ፦ ሣር፣ ሽበት (ድንጋይና አፈር ላይ የሚበቅለው ላይከን)፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቁጥቋጦ።

ምክንያቱ ከክረምቱ ብርድ ይልቅ የበጋው ማጠር ነው። ዛፍ ለማደግ ሞቅ ያሉ ሳምንታት ይፈልጋል። ከሰሜን ውቅያኖስ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር በጋውን ያሳጥረዋል፤ ተራራው ደግሞ ያ አየር ወደ ደቡብ እንዳያልፍ ይከለክላል። ከሥር ያለው መሬትም አያግዝም። ፐርማፍሮስት ይባላል፤ ዓመት እስከ ዓመት የማይቀልጥ የቀዘቀዘ አፈር ነው። በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ፣ ፕሩዶ ቤይ በሚባለው አካባቢ ውፍረቱ እስከ 600 ሜትር ይደርሳል። በበጋ የሚቀልጠው ላይ ላዩ ብቻ ስለሆነ ሥር ወደ ታች መውረድ አይችልም። የክንድ ውፍረት ያለው ስፕሩስ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ተራሮቹን በሚያቋርጠው ብቸኛ አውራ ጎዳና ዳር "የመጨረሻው የሰሜን ስፕሩስ፣ አትቁረጡ" የሚል ምልክት የቆመለት አንድ ዛፍ ነበር። ሰው ጎድቶት ደረቀ። ምን ይባላል።

ብርዱ ምን ያህል ነው? ፀሐይ አትወጣም የሚባለውስ?

አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት የዚህ አካባቢ ነው፦ ከዜሮ በታች 62 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 1971። ቦታው ፕሮስፔክት ክሪክ ይባላል፤ ከተራሮቹ በስተደቡብ ያለ ሸለቆ ነው። ተራራው ጫፍ ላይ ሳይሆን ሸለቆ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ክረምት ላይ ነፋስ ከሌለ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና እንደ ውሃ ይጠራቀማል። ጫፉ ላይ ያለ ሰው ከሸለቆው ሰው የተሻለ ሊሞቀው ይችላል። ደጋ ይበርዳል፣ ቆላ ይሞቃል ብሎ ላደገ ሰው ግልብጥ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ፣ አዎ እውነት ነው። አናክቱቩክ ማለፊያ 68 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በታኅሣሥ አካባቢ ለሳምንታት ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። ድቅድቅ ጨለማ ግን አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ እንደ ማለዳ ጎህ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይኖራል። ሰኔ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ሌሊት የሚባል ነገር የለም።

አርክቲክ ከሆነ ለምን ሁሉም ቦታ በበረዶ ግግር አልተሸፈነም?

ደረቅ ስለሆነ ነው። የበረዶ ግግር እንዲሠራ ብርድ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠራቀም በረዶ መውረድ አለበት። ከተራሮቹ በስተሰሜን ያለው የባሕር ዳር ሜዳ በዓመት የሚያገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ ከ250 ሚሊ ሜትር በታች ነው። በዚህ መለኪያ በረሃ ነው። መሬቱ ረግረግ የሚመስለው ውሃው በዝቶ አይደለም፤ ፐርማፍሮስቱ ወደ ታች አላሰርግ ስላለው ነው።

ዛሬ ያሉት ግግሮች ትንንሽ ናቸው፤ በብዛት የሚገኙትም በከፍተኛው ምሥራቃዊ ክፍል ነው። በጣም የሚታወቀው ማኮል ነው፤ ሳይንቲስቶች ከ1957 ጀምሮ እየተመላለሱ ይለኩታል። ከዓመት ዓመት እየሳሳና እያጠረ ነው። በበረዶ ዘመን ግን ተራሮቹ ራሳቸው በግግር ተሸፍነው ነበር፤ ወለላቸው ሰፋ፣ ጎናቸው ቀጥ ያሉትን ሸለቆዎች የቀረጸው ያ ግግር ነው። የሚገርመው በዚያው ጊዜ ከተራሮቹ በስተደቡብ ያለው የአላስካ መሀል አገር በድርቀቱ የተነሳ ከግግር ነፃ ነበር።

አርክቲክ ውስጥ የአሸዋ ክምር አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔም ፎቶውን ሳይ ሰሃራ መስሎኝ ነበር። ታላቁ የኮቡክ አሸዋ ክምር ይባላል። በተራሮቹ ደቡባዊ ግርጌ፣ ኮቡክ ሸለቆ ውስጥ ነው። 65 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ክምር 30 ሜትር ይደርሳል። የበረዶ ግግር ድንጋይን ፈጭቶ ፈጭቶ አሸዋ አደረገው፣ ወንዝ አወረደው፣ ነፋስ ሰበሰበው።

ተራሮቹ እንዴት ተፈጠሩ?

ከባሕር ወለል ነው የመጡት። አብዛኛው ድንጋይ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ የተከማቸ ደለልና የኖራ ድንጋይ ነው። ዛሬ ከባሕር ጠለል ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ስትሄዱ የባሕር እንስሳት ቅሪት፣ ዛጎልና ኮራል ድንጋዩ ውስጥ ታትሞ ታገኛላችሁ።

ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከደቡብ የመጣ የመሬት ቅርፊት ከአህጉሩ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። የባሕሩ ወለል ተጨመቀ፣ ተቀደደ፣ አንዱ በሌላው ላይ ወጣ። መሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ አስቡት፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የቆየው እንጀራ ከአዲሱ በላይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ያረጀ ድንጋይ በወጣት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማየት በብሩክስ የተለመደ ነው።

ከዚህ የተረፈው ነገር ነው የዛሬውን ፖለቲካ የሚሠራው። ተራራው እየተሸረሸረ ወደ ሰሜን የወረደው ደለል በጥንት ሕያዋን ቅሪት የበለጸገውን ድንጋይ ቀበረው፣ አሞቀው፣ ነዳጅ እንዲያወጣ አደረገው። በ1968 የተገኘው የፕሩዶ ቤይ ነዳጅ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በምዕራብ ደግሞ በጥንታዊው ባሕር ወለል የተከማቸው ዚንክ አለ፤ ከዓለም ትልልቅ የዚንክ ማዕድን ማውጫዎች አንዱ የሆነው ሬድ ዶግ በ1989 ዴ ሎንግ ተራሮች ውስጥ ሥራ ጀመረ።

እዚያ ሰው ይኖራል?

ይኖራል፤ ከ10,000 ዓመት በላይ ኖሯል። በሰሜናዊው ግርጌ ሜሳ በሚባል ኮረብታ ላይ የጥንት አዳኞች የድንጋይ ጦር ጫፎች ተገኝተዋል። ኮረብታው ላይ ቁጭ ብሎ ዙሪያውን የሚመጣ እንስሳ መቃኘት ይቻላል። ቦታውን የመረጡት ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር።

በተራሮቹ እምብርት ያለችው መንደር አናክቱቩክ ማለፊያ ናት። ነዋሪዎቿ ኑናሚዩት ይባላሉ፤ ከኢኑፒያት ሕዝብ ወገን ሆነው ከባሕር ዳር ይልቅ ደጋውን የመረጡ ናቸው። ሕይወታቸው ካሪቡ የሚባለውን የዱር አጋዘን ተከትሎ መጓዝ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው በአንድ ቦታ የረጉት። ዛሬ አራት መቶ ያህል ሰዎች አሉ። የመኪና መንገድ የላቸውም፤ ዱቄቱም፣ ሐኪሙም፣ መምህሩም በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚመጣው። የመንደሩ ስም ትርጉም "የካሪቡ በጠጥ ያለበት ቦታ" ነው። አንዳንድ ጎብኚ ይስቃል። ለአዳኝ ግን ከዚህ የተሻለ የምሥራች የለም፤ መንጋው በዚህ በኩል ያልፋል ማለት ነው።

መንጋው ራሱ አሁን እያሳሰበ ነው። የምዕራብ አርክቲክ መንጋ በ2003 ወደ 490,000 ደርሶ ነበር። በ2023 በተደረገው ቆጠራ ወደ 152,000 ወርዷል። በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ አርክቲክ ቪሌጅ የሚባለው የግዊቺን መንደር አለ፤ እነሱ የሚተዳደሩት ፖርኪዩፓይን በሚባለው ሌላ መንጋ ነው።

መንገድ አለው? በመኪና መሄድ ይቻላል?

አንድ መንገድ ብቻ አለ። ዳልተን አውራ ጎዳና ይባላል፤ 666 ኪሎ ሜትር ነው። በ1974 የፕሩዶ ቤይን ነዳጅ ወደ ደቡብ የሚያወርደውን ቧንቧ ለመዘርጋት ተብሎ በወራት ውስጥ ተሠራ። ተራሮቹን የሚያቋርጠው አቲገን ማለፊያ ላይ ነው፤ 1,444 ሜትር። እንደ ደጀን ዓባይ ቁልቁለት ያለ ነገር አድርጋችሁ አስቡት፤ ግን በጠጠር፣ በበረዶ ናዳና በግዙፍ የጭነት መኪና መሀል። ቧንቧው በሌላው ቦታ በአብዛኛው ከመሬት በላይ በምሰሶ ላይ ነው የሚሄደው፤ የሞቀው ነዳጅ ፐርማፍሮስቱን እንዳያቀልጠው። ማለፊያው ላይ ግን ከናዳ ለማዳን ተቀብሯል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው መነሻው ፌርባንክስ ከተማ ነው። መንገዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ከ1994 ወዲህ ነው። ኮልድፉት የምትባለው ማረፊያ ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ ከዚያ በኋላ የመንገዱ መጨረሻ እስከሆነችው ዴድሆርስ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም። ሁለት መለዋወጫ ጎማ ያዙ። ብዙ መኪና አከራዮች በዚህ መንገድ እንዳይሄዱ በውላቸው ይከለክላሉ፤ ውሉን አንብቡ። የጭነት መኪና ሲመጣ ዳር ይዛችሁ ቀስ በሉ፤ ጠጠሩ መስታወት ይሰብራል። ክረምቱን ፈርታችሁ በሐምሌ ብትሄዱ ደግሞ ትንኙ ይጠብቃችኋል፤ ከድቡ ይልቅ ሰው የሚያማርረው ትንኙን ነው።

"የአርክቲክ በሮች" የሚባለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሁለት ተራሮች ስም ነበር። የደን ባለሙያው ሮበርት ማርሻል በ1929 ወደ ሰሜን ኮዩኩክ ወንዝ ሽቅብ ሄደ። በወንዙ ግራና ቀኝ እንደ በር መቃን የቆሙ ሁለት ተራሮች አየ፤ ፍሪጅድ ክራግስና ቦሪያል። የአርክቲክ በሮች አላቸው። ስሙ በ1980 የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ስም ሆነ።

ፓርኩና አብሮት የተከለለው ጥብቅ ስፍራ 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቤልጂየም ይሰፋል። ውስጡ መንገድ የለም፣ የእግር ዱካ ተብሎ የተዘጋጀ የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ ምልክት የለም። ይሄ ጉድለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ከአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ጥቂት ሰው የሚያየውም ለዚህ ነው። ገብቶ የጠፋ ሰው ስልክ አይሠራለትም።

ወንዞቹ ብርቱካንማ ሆኑ የሚባለው እውነት ነው? ማዕድን ማውጫ ነው ያበላሻቸው?

እውነት ነው። ጥፋተኛው ግን ማዕድን ማውጫ አይደለም፤ ብዙዎቹ ወንዞች ሰው ያልደረሰባቸው ናቸው። በ2024 የታተመ ጥናት በብሩክስ ተራሮች ውስጥ ቢያንስ 75 ወንዞችና ጅረቶች ቀለማቸው እንደተለወጠ ዘግቧል። ከአየር ላይ ሲታዩ የዛገ ቆርቆሮ ያጠቡበት ውሃ ይመስላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ ውስጥ የብረትና የድኝ ውህድ አለ። መሬቱ እንደቀዘቀዘ በነበረበት ሺህ ዓመታት ውሃና ኦክሲጅን አልደረሱበትም። ፐርማፍሮስቱ ሲቀልጥ ደረሱበት። ውህዱ ወደ አሲድ ተለወጠ፣ አሲዱ ብረቱን አሟሟው፣ ብረቱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዛገ። ዚንክ፣ ኒኬልና ካድሚየምም አብረው ይወጣሉ። ኮቡክ ሸለቆ ውስጥ አኪሊክ በሚባለው ወንዝ ውሃው በተለወጠበት ጊዜ ሁለት የዓሣ ዓይነቶች ጨርሰው ጠፉ። ከወንዙ ለሚጠጣና ዓሣ ለሚያጠምድ መንደር ይህ የቀለም ጉዳይ አይደለም።

ዛፉ ተራራውን እየተሻገረ ነው ይባላል። ግድግዳው ፈረሰ ማለት ነው?

አልፈረሰም፤ ግን በምዕራብ በኩል ክፍተት ተገኝቷል። በ2022 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ነጭ ስፕሩስ በኖአታክ ተፋሰስ ቱንድራ ላይ ማንም ያልጠበቀው ቦታ እየበቀለ መሆኑን አሳየ። ፍጥነቱ በአሥር ዓመት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዛፍ እግር ስለሌለው ይህ ሩጫ ነው።

ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከባሕሩ ጋር ያያይዙታል። የባሕር በረዶ ሲሸሽ ክፍት ውሃ ይበዛል፤ ክፍት ውሃ ብዙ በረዶ ያዘንባል፤ ጥልቅ በረዶ ደግሞ ችግኙን ከክረምት ነፋስ ይሸፍናል፣ አፈሩንም ያሞቃል። ቱንድራው ዛፍ ሲሆን ካሪቡ የሚበላው ሽበት ይቀንሳል።

ብሩክስ የሮኪ ተራሮች አካል ነው?

የምትጠይቁት ሰው ይወስነዋል። ብዙ የጂኦግራፊ መጻሕፍት የሮኪ፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ የተዘረጋው ትልቁ ሰንሰለት፣ ሰሜናዊ ማራዘሚያ ይሉታል፤ የአህጉሩ ውሃ ከፋይ ሸንተረር ሁለቱንም ስለሚያገናኝ አባባሉ ከሰማይ አልወረደም። የካናዳ ጂኦሎጂስቶች ግን ሮኪ ልያርድ ወንዝ ላይ ያበቃል ይላሉ። ይህ ደግሞ ከብሩክስ በጣም ሩቅ ነው። የአፈጣጠር ዘመናቸውም ይለያያል፤ የብሩክስ ግጭት የጀመረው ሮኪን ካነሳው ዋናው ጊዜ በፊት ነው። እኔ ለየብቻ ማየቱን እመርጣለሁ። ብሩክስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጋድሟል፤ ሮኪ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ግድግዳ የሆነውም በዚህ አቀማመጡ ነው።

የአምብለር መንገድ ጭቅጭቅ ምንድን ነው?

ከዳልተን አውራ ጎዳና ተገንጥሎ በተራሮቹ ደቡባዊ ግርጌ ወደ ምዕራብ 340 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የግል የኢንዱስትሪ መንገድ ዕቅድ ነው። መድረሻው አምብለር የሚባለው የማዕድን አካባቢ ነው፤ መዳብ አለ፣ ዚንክ አለ፣ ሌላም። መስመሩ የአርክቲክ በሮችን ጥብቅ ስፍራ ያቋርጣል። "ጥብቅ ስፍራ ውስጥ መንገድ እንዴት?" የሚል ሰው ብዙ ነው። መልሱ ሕጉ ውስጥ ነው፤ በ1980 ፓርኩን ያቋቋመው ያው ሕግ ለዚህ መንገድ ማለፊያ እንዲሰጥ ይደነግጋል።

መንደሮቹ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ ሥራና ርካሽ ነዳጅ ይመጣል ይላል፤ ሌላው ካሪቡ ይርቃል፣ ዓሣው ይጎዳል ይላል። መስመሩ ወደ 3,000 የሚጠጉ ወንዞችና ጅረቶችን ያቋርጣል። በጁን 2024 የአሜሪካ መንግሥት ፈቃዱን ከለከለ። በኦክቶበር 2025 ሌላ አስተዳደር መልሶ ፈቀደ፤ አካባቢውን በሚያለማ አንድ የማዕድን ኩባንያ ውስጥም መንግሥት ራሱ 10 በመቶ ድርሻ ለመያዝ ተስማማ።